ከቃለ ጉባኤው የቀረ

ቀን፦ ሰኔ ሦስት ነው። ቦታው ከጽዱ ሥር።
ሰዓት፦ ለሦስት ተጠርቶ፣ አምስት ላይ መጀመር።
የተገኙ ብዛት፦ ሠላሳ ሰባት ሰው፤
አጀንዳው አንድ ነው፤ ወንዙን እንዴት እናድነው።
ይኼን ጽፌዋለሁ፤ ማኅተም አርፎበታል፤
ያልጻፍኩት ግን ብዙ፣ ከደረቴ ይዞራል።

ወይራ ውሃ ነው ስሙ። ወይራ ግን የለውም፤
ስምን ምሳር አይቆርጥ፣ ስምን እሳት አይበላውም።
እሱ ለበሬሳ፣ በሬሳ ለጀማ፣
ጀማ ለዓባይ ይደርሳል፤ የዓባይማ ተሰማ፤
የእኛን ግን ማን ጠርቶት፣ ማን ከቁጥር አስገብቶት?
በበጋ ሕፃን ልጅ ይዘለዋል ሮጦበት።

ብዙአየሁ የግብርናዋ፣ ጫማዋን አውልቃ፣
"ካርታውን መሬት ላይ!" አለች፣ ቁና አመድ አስጠይቃ።
አመዱ ወንዝ ሆነ፤ ጠጠር ቤት ሆኖ ቆመ፤
የባሕር ዛፍ ቅጠል በደን ፈንታ ተተለመ፤
ኩበት ተደረገ ልብስ ከሚታጠብበት፣
ከሰል ተቀመጠ ፋብሪካው ካለበት።
ልጆች ሳቁ። አንድ ጥጃ መጣና በመሃል፣
ተፋሰሱን ረግጦ ወደ እናቱ አልፏል።
(ይኼም አልተጻፈም።)

የታች ሰው ጥላዬ ቀድሞ እጁን አወጣ፦
"ከላይ ነው ጭቃው ሁሉ፣ ከእናንተ ነው የመጣ፤
ሽንኩርቴን ደለል ዋጠው፣ ፓምፔ አሸዋ ጠጣ።"
አጥናፉ ከላይኛው፦ "ኧረ ተው! በጥር ውርጭ እርከን፣
ድንጋይ ስንሸከም፣ አንተን የት አየን?
ገበያ ነበርክ፣ ሽንኩርት ስትመዝን።"
ከከተማ የመጣው፣ የፋብሪካው ተጠሪ፣
ሰዓቱን ያያል ደጋግሞ፣ እንደ ደቂቃ ቆጣሪ፤
"የበላይ አካል ልጠይቅ" አለ። ይኼ ተጽፏል፤
የብዕሩ ክዳን ግን እስከ መጨረሻው ተከድኗል።

ከዚያ ወደ ምንጩ፣ ወደ አመዱ ራስ ደረስን፤
ቅጠሉ ከበዛበት። ሁላችን ዝም አልን።
የይርገዱ ባሕር ዛፍ የምንጩን ዓይን ከቦታል፤
"ይቆረጥ" የሚል ቃል ለማን አፍ ይቀላል?
እሷው ተነሣች፤ ነጠላዋን አጠበቀች፤
"ውሃ እንደሚጠጣ ከእናንተ በፊት አውቃለሁ" አለች።
"ባሌ በሞተ ዓመት በእጄ ነው የተከልኩት፤
በእሱ ነው ቆርቆሮው፣ በእሱ ነው ልጅ ያስተማርኩት።
ቁረጡት። ግን ንገሩኝ፤ ለውሃ ብዬ ስደኸይ፣
ውሃውን የጠጣ ሁሉ ደጄን ይረግጣል ወይ?"

ዝም።
ጥላዬ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረው፤
አንዴ አመዱን አየው፣ አንዴ እሷን አያት፤ ዋጠው።
"ከአሥር ኩንታል አንዱ" አለ፣ "ሦስት ዓመት፣ በምስክር፤
አፕል ትከዪበት፤ እስኪያፈራ እኛ እንበደር።"
አጥናፉ ሳቀበት፦ "በአፍህ ነው ወይስ በእጅህ?"
"በእጄም" አለ፣ "ጥር ላይ እርከኑ ላይ ታየኛለህ።"
ይርገዱ እሺ አላለች። እምቢም አላለች።
"ጻፈው" አለችኝ ወደ እኔ ዞራ፤ ተቀመጠች።

ያኔ ነው ዝናቡ፣ ሳይታሰብ፣ የሰኔ፤
ሁሉ ከጽዱ ግንድ ሲጠጋ፣ ቆሜ ቀረሁ እኔ።
አመዱ ተነሣ፣ መስመሩን ለቀቀ፤
እኛ ያላሰመርነውን መንገዱን አወቀ፤
በጠጠሩ መሃል፣ ኩበቱን አጥቦ፣
ጫማዬ ሥር ቆመ፣ ግራጫ ኩሬ ተሰብስቦ።
የቆምኩበት ቦታ በካርታው ላይ የማን ነው?
የእኔ ማሳ ነበር፤ ጠጠር ያልተደረገው።
ከወንዙ ከንፈር ላይ ሣሩን ገልብጬ ያረስኩት፣
በየክረምቱ ስንዝር ስንዝር ወደ ውሃው የገፋሁት፣
የሁሉን ስም ስመዘግብ የራሴን የዘለልኩት።
ብዙአየሁ አየችኝ፤ ምንም አልተናገረች፤
ከልጆቹ ጋር ጠጠር ትለቅም ጀመረች።

ተራ ቁጥር ሰባት፦ ከማኅተሙ በኋላ፣
በእጄ የጨመርኩት፣ በቀለም በሌላ፦
"ጸሐፊው ከወንዙ ዳር አሥር እርምጃ ይመለሳል።
ሣር ይበቅልበታል።"

ዛሬ ማታ ወይራ ውሃ ሞልቶ ሲያልፍ ሰማሁ፤
ጭቃ ነው፤ ገና ጭቃ ነው። ወጥቼ በጨለማ ለካሁ።
ስምንተኛው ላይ ድንች አለ፤ ባለፈው ሳምንት የተከልኩት።
ቆምኩ።
ከዚያ ዘጠኝ አልኩ። አሥር አልኩ። ድንጋይ አስቀመጥኩበት።